የጋራ ገንዘብና የአባላት ሥልጣን፤ ከኮልፌ ዕድር እስከ ብሎክቼይን ግምጃ ቤት

መግቢያ

ሰዎች በአንድነት ገንዘብ ባዋጡበት ቦታ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? በምን ጉዳይ ላይ እንደሚውል የሚወስነው ማን ነው? ሒሳቡንስ ማን ለማን ያስረዳል? ጥያቄዎቹ ለመንግሥት ግምጃ ቤትም ሆነ ለሰፈር ማኅበር እኩል ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ብሎክቼይን በሚባል የጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ የተመሠረቱ፣ አባሎቻቸው በየአህጉሩ የተበተኑና እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ማኅበሮች ተነሥተው፣ በጋራ ግምጃ ቤታቸው ያጠራቀሙትን ሀብት በድምፅ ብልጫ ለልዩ ልዩ ሥራዎች በእርዳታ መልክ ማከፋፈል ጀምረዋል። እነዚህም ያንኑ ሦስት ጥያቄ ይዘው ቀርበዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕድር በአዲስ አበባ፣ በተለይም በምዕራቡ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ መከተልና ከዚያ ተነሥቶ አዲሱን አሠራር መመርመር ነው። ከሁለቱ አንዱን ለማሞገስ ሌላውን ለመንቀፍ አልታሰበም። ነገር ግን የዕድር ታሪክ ለአዲሶቹ ማኅበሮች የሚያስተምረው ቁም ነገር እንዳለ፣ ዕድርም በበኩሉ ከእነርሱ የሚማረው እንዳለ ማሳየት ይቻላል ብለን እናምናለን።

የዕድር አነሣሥ

ኮልፌ ቀራንዮ ዛሬ ከአዲስ አበባ አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ የተዘረጋ በመሆኑ በንግድ፣ በሽመናና በቀን ሥራ ለመተዳደር ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ሲሰፍርበት ቆይቷል። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ መንደር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንና የሙስሊሞች መካነ መቃብር በአንድ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ሰፈር አንድን ጥያቄ ሳይመልስ ውሎ ማደር አይችልም፤ ከዘመድ ርቆ የሚኖር ሰው ቢሞት የሚቀብረው ማን ነው?

ስለ ዕድር አመጣጥ የጻፉ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከጉራጌ አገር ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች የመሠረቱት ነው ይላሉ። ሁለተኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጠላት ወረራ ዘመን የደረሰው እልቂትና መበታተን የወለደው ነው ይላሉ። ሁለቱ አስተያየቶች የሚጋጩ አይመስሉም፤ የፊተኛው መነሻውን፣ የኋለኛው መስፋፋቱን የሚያስረዳ ነውና። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድሪያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳዳት ልማድ በጻፉ ጊዜ፣ ዕድር በከተማው ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደ ነገር ነበር።

መረዳዳቱ በቀብር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ገንዘብ እያዋጡ የትውልድ አገራቸውን ከዋናው አውራ ጎዳና የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት ተነሥተዋል። ለቀብር የለመደው እጅ ለልማትም ሊዘረጋ እንደሚችል ይህ ሥራ አስረድቷል።

የዕድር አስተዳደር

ዕድር ጽኑ ሥርዓት ያለው ተቋም ነው። በጽሑፍ የሰፈረ መተዳደሪያ ደንብ፣ ዳኛ ወይም ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥና ተቆጣጣሪ ይኖሩታል። አባላት በወር አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ስም ይጠራል፤ መዋጮ ይከፈላል፤ የቀረ ይቀጣል። አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲያርፍ ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ በደንቡ የተቆረጠውም ገንዘብ ለሐዘንተኛው ይሰጣል። በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ የሚወጣው በአንድ ሰው ፊርማ አይደለም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ መዋጮው እኩል ስለሆነ ድምፁም እኩል ነው። ባለ ሱቁም ሸማኔውም አንድ እጅ ብቻ ያወጣል። ሁለተኛ፣ ክፍያው በገንዘብ ብቻ አይፈጸምም። ወርኃዊ መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለ፣ ነገር ግን ለቀብር ያልወጣና ከለቀስተኛ ጋር ያልተቀመጠ አባል ባለ ዕዳ ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን የሚያስረዳው በየማለዳው ለሚያገኛቸው ጎረቤቶቹ ነው። ቢያጎድል በፍርድ ቤት ከመከሰሱ በፊት በሰፈሩ ፊት ያፍራል። የዕድር ቁጥጥር ከመዝገቡ ይልቅ በዚህ እፍረት ላይ የቆመ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ሆኖም ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። መመዝገቢያውንና ወርኃዊ መዋጮውን መክፈል የማይችለው እጅግ ድኻ ከዕድር ውጭ ይቀራል። ቤት ከቤት የሚዛወር ተከራይ ሥር ሳይሰድ ይለቃል። በብዙ የሰፈር ዕድሮች ዳኝነቱ በሽማግሌዎች እጅ ሲሆን ሴቶች የምግቡን ድካም ተሸክመው የራሳቸውን ዕድር ለብቻ ማቋቋም አስፈልጓቸዋል። መዝገቡም ከአባላት በቀር ለማንም ስለማይገለጥ፣ ከሰፈሩ ውጭ ያለ ሰው ሒሳቡ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ሕግና የውጭ ገንዘብ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደነገገ። በ1959 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 321 ደግሞ ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከአብዮቱ በኋላ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ የሰፈሩ የልማት ጉዳይ ወደ ቀበሌ ተዛወረና ዕድር ወደ ቀብር ሥራው ተመለሰ። ያም ሆኖ አልጠፋም፤ ሞት በአዋጅ አይቀርምና።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከውጭ በሚሰጥ ገንዘብ መልክ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤድስ በሽታ የዕድሮችን ሣጥን አራቆተ። ቀድሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይነፋ የነበረው ጥሩንባ ተደጋገመ፤ መዋጮው ከወጪው ጋር አልመጣጠን አለ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለኢትዮጵያ ኤድስን ለመከላከል የ59.7 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሲፈቅድ፣ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች በአነስተኛ እርዳታ መልክ እንዲከፋፈል ተደርጎ ነበር። ዕድሮችም ሕመምተኞችን በየቤታቸው ለማስታመምና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ከእንዲህ ያለው እርዳታ ተካፋይ ሆኑ፤ ብዙዎቹም በኅብረት ተደራጁ።

ይህ እርዳታ ብዙ ሕይወት ደግፏል። ነገር ግን የዕድርን አሠራር አቅጣጫ የሚለውጥ ነገርም ይዞ መጣ። ሐሳብ በጽሑፍ ማቅረብ፣ በቅጽ መሠረት ሪፖርት ማድረግ፣ ደረሰኝ አያይዞ መላክ ግዴታ ሆነ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን የሚያስረዳው ለጎረቤቶቹ ሳይሆን ለሰጪው ድርጅት ሆነ። ቅጽ መሙላት የሚችል ወጣት ካልተማረው ሽማግሌ ዳኛ የበለጠ ተሰሚነት አገኘ። የአባላት መዋጮ ሲመረመር በነበረው ዓይነት ጥንቃቄ የእርዳታውን ገንዘብ የመመርመር መብት እንዳለው ያልተረዳ አባልም ብዙ ነበር፤ ገንዘቡን የራሱ አድርጎ አልቆጠረውምና። እንግዲህ የታሪኩ ዋና ትምህርት ይህ ነው። ሣጥኑን የሚሞላው ሰው ሲለወጥ፣ የመዝገቡ ፊት ወደ ማን እንደሚዞርም ይለወጣል።

መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ በመቶ አሥር ሲገድብ፣ ዕድርንና ዕቁብን ከአዋጁ ውጭ አድርጓቸዋል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል።

አዲሱ ግምጃ ቤት

ብሎክቼይን በአንድ ባንክ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ያልሆነ፣ ቅጂው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገኝ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈበትን መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ የሒሳብ መዝገብ ነው። ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው አይደለም፤ መዝገቡም ማንም ሊያየው ይችላል። በዚህ ረገድ ዕድር ያልፈታውን ችግር ፈትቷል።

በአገራችን ስሙ የታወቀው ካርዳኖ የተባለው መረብ ነው። መረቡን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈራርሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ውጤት በዚህ መዝገብ ላይ ለማስፈር መታቀዱን አስታውቆ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው መረቡ የራሱን ግምጃ ቤት የሚያስተዳድርበት መንገድ ነው። አዳ በተባለው ሳንቲም ከሚከፋፈለው ድርሻ በመቶ ሃያ ያህሉ ወደ ጋራ ግምጃ ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ፕሮጀክት ካታሊስት ከዚህ ሀብት እርዳታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው እውነተኛ ድልድል የተመደበው 250,000 ዶላር የሚያወጣ አዳ ነበር። ማንኛውም ሰው ሐሳብ ያቀርባል፤ አባላት ይገመግሙታል፤ ከዚያም ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይም የመረቡ ተወካዮች የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አጽድቀዋል።

ይሁን እንጂ ድምፁ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በሳንቲም ነው። አንድ ሺህ አዳ ያለው አንድ ሺህ፣ አንድ ሚሊዮን ያለው አንድ ሚሊዮን ድምፅ አለው። ይህ የአክሲዮን ማኅበር ሥርዓት እንጂ የዕድር ሥርዓት አይደለም። ምክንያቱ ግን ስስት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። መረቡ አባሉን በፊቱ አያውቀውም። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ይሁን ቢባል፣ አንዱ ሰው በመቶ ስም ተመዝግቦ መቶ እጅ ያወጣል። ሳንቲምን ግን ማባዛት አይችልም።

ይህን ለማረም የተሞከረ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪታሊክ ቡተሪን፣ ዞዊ ሂትዚግና ግሌን ዋይል ባቀረቡት ቀመር መሠረት የእያንዳንዱ መዋጮ ዳግም ዘር ይደመርና ድምሩ በራሱ ይባዛል። መቶ ሰዎች አንዳንድ ብር ቢሰጡ ውጤቱ 10,000 ሲሆን፣ አንድ ሰው መቶ ብር ቢሰጥ ውጤቱ 100 ብቻ ነው። ከጋራው ግምጃ ቤት የሚሰጠው ድጎማ በዚህ መጠን ስለሚመዘን የሰጪዎች ብዛት ከገንዘቡ ብዛት ይበልጣል። በመንፈሱ ከዕድር ጋር የተዛመደ ነው። ግን ይህም ቀመር መቶዎቹ በእርግጥ መቶ ሰዎች መሆናቸውን የሚመሰክር ጎረቤት ይፈልጋል።

ሌላው ተስፋ ደንቡ በኮምፒዩተር ቋንቋ ከተጻፈ ዳኛ አያስፈልግም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢተሪየም መረብ ላይ ዘ ዳኦ የተባለ የጋራ ገንዘብ ማኅበር ተመሥርቶ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብት ሰበሰበ። በሰኔ ወር አንድ ሰው በደንቡ አጻጻፍ ላይ የነበረውን ስሕተት ተጠቅሞ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር አወጣ። ደንቡ እንደተጻፈ ይፈጸም የሚሉና ለተዘረፉት ይመለስላቸው የሚሉ ተከራክረው፣ በቀጣዩ ወር ብዙኃኑ መዝገቡን ለውጠው ገንዘቡን አስመለሱ፤ ያልተስማሙት በአሮጌው መዝገብ ቀጥለው ተለዩ። ከሁሉ የራቀ ነው የተባለው ማኅበር በመጨረሻ በዳኛ ፊት ቆመ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ንጽጽሩ ለእውቀት ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ረጲ ላይ ያለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩ ደሳሳ ቤቶችን ሲቀብር ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ እርዳታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በዚህ ቤት ማን ይኖር ነበር፣ ማንስ ተረፈ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ማንኛውም መዝገብ ሳይሆን ጎረቤት ነው።

ይህ እውቀት ዛሬ በአደጋ ላይ ነው። ከተማው ሲታደስ ነባር ሰፈሮች ይፈርሳሉ፤ ነዋሪዎቹ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ከተማው ዳር ይበተናሉ። አብሮ የኖረ ዕድር ሲበተን ድንኳኑና በባንክ ያለው ገንዘብ የማን ነው? የሄዱት ድርሻቸውን ይወስዳሉ ወይስ የቀሩት ይወርሳሉ? ብዙ ደንቦች የአባልን ሞት እንጂ የሰፈርን መፍረስ አስበው አልተጻፉም። በዚህ ላይ በአገርም በውጭም ለሚገኙ አባላት በእኩል የሚታይ፣ ሊፋቅ የማይችል መዝገብ ቢኖር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለዚህ ሳንቲም መነገድ አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በዲጂታል ሳንቲም መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆ ነበር። የሚያስፈልገው ገልጦ የማሳየት ልማድ ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን የማኅበረሰብ ገንዘብን ሲመረምሩ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን። መዝገቡ ለማን ይታያል? ድምፁስ የሚቆጠረው በምን ነው? ብሎክቼይን ለፊተኛው ጥያቄ፣ ዕድር ለኋለኛው የተሻለ መልስ አላቸው። መዝገቡ ለሁሉ ተገልጦ ድምፁ በሳንቲም ከተቆጠረ፣ ድኻው የሚያገኘው ሌሎች ሲወስኑለት የመመልከት መብት ብቻ ነው። ድምፁ በሰው ተቆጥሮ መዝገቡ ከተዘጋ ደግሞ፣ የተሰጠው አደራ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ይንጠለጠላል። የሁለቱን መልካም ገጽታ አንድ ላይ የሚያቆም ደንብ መጻፍ ከኢንጂነሩም ከዕድር ዳኛውም በፊት ሒሳብ አዋቂውንና ሕግ አዋቂውን የሚጠብቅ ሥራ ነው።