ለአመታት የሚስማማ የገና ዱላ አመራረጥ

ገና በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ባህላዊ ጨዋታ ሲሆን፣ በልደት በዓል ሰሞን በስፋት ይዘወተራል። ተጫዋቾች ከእንጨት ወይም ከቆዳ የምትሠራውን ሩር ጫፉ በቆለመመ ዱላ እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ወገን ለማሳለፍ ይፎካከራሉ።

ዱላው ከተጫዋቹ ቁመትና አመታት ጋር ሊጣጣም ይገባል። ተጫዋቹ በሁለት እጁ ይዞት በመጠኑ ጎንበስ ሲል ቆልማማው ጫፍ መሬት ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ወገቡን አብዝቶ እንዲያጎነብስ ካስገደደው አጥሯል፤ ክንዱን ወደ ላይ ካሰቀለው ረዝሟል። ሩሯን አርቆ ለሚመታ ረዘም ያለው፣ በግርግር መካከል እየነዳ ለሚያልፍ አጠር ያለው ይመቻል። ጫፉ የከበደ ዱላ ምቱን ያጠነክራል፤ ነገር ግን አቅጣጫ ለመቀየር ያዘገያል።

እርጥብ ዱላ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሊደርቅ ይገባል፤ ፀሐይ ያሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ዱላ በምት መካከል ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ከሜዳ መራቅ አለበት።

ወይራ በጥንካሬው ይመረጣል። ሆኖም እድገቱ አዝጋሚ የሆነ አገር በቀል ዛፍ ነውና፣ ግንዱን ከመጣል ይልቅ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ መርጦ መቁረጥ ለመጪው ትውልድም ዱላ ያስተርፋል።