ዶስ ማውስ አያውቅም

ላሊበላ፣ አጎቴ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ በአማርኛ የጻፉት ማስታወሻ አለ። የኪቦርዱ ቀስቶች ስለማይሠሩ ለማንበብ ማውስ የግድ ነው። እሷ ደግሞ ንቅንቅ አትልም።

«አልተበላሸችም ልጄ፤ አልጠራሃትም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማይክሮሶፍት ማውስ መሸጥ የጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ድራይቨሩ ካልተጫነ ዶስ አያያትም። እሱም ከዚያች 640 ኪሎባይት ላይ ይቆርሳል።

ፊደላችንም ያው ነበር፤ ዶስ አያውቀውም። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231፣ ቦታው ግን እንግሊዝኛውን ጨምሮ 256 ብቻ! ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. እስኪያስገባን ድረስ ፕሮግራሞቹ ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ይደረድሩት ነበር። ለዚህ ነው የአጎቴ ማስታወሻ እኔ ላፕቶፕ ላይ የማይነበበው።

«ማውስ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ ኢንተር መታሁ። ማስታወሻውን ስከፍት ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች።

አጎቴ መነጽራቸውን ፈለጉ።