ጌጤ ዋሚ፦ ከጫጫ ደጋ እስከ በርሊን አደባባይ

በኢትዮጵያ የሴቶች ረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ከደራርቱ ቱሉ ጋር አብሮ የሚነሳ ስም አለ፤ ጌጤ ዋሚ። በአገር አቋራጭ፣ በመም እና በማራቶን፣ በሦስቱም የሩጫ ዘርፎች በዓለም አቀፍ መድረክ ድል ያስመዘገበች አትሌት ናት።

ጌጤ የተወለደችው ታኅሣሥ 2 ቀን 1967 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው ጫጫ ነው። ስሟ በዓለም ዙሪያ የተሰማው በ1988 ዓ.ም ሲሆን በደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች።

ከፍተኛው የመም ስኬቷ የ1991 ዓ.ም ነው። በቤልፋስት የአገር አቋራጭ ክብሯን መልሳ ከያዘች በኋላ፣ በስፔኗ ሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ በ30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ ወሰደች። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሁለተኛ፣ ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ ሦስተኛ ወጡ።

በመስከረም 1993 ዓ.ም በሲድኒ ኦሊምፒክ ደራርቱን ተከትላ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በ5 ሺህ ሜትር ደግሞ ነሐስ አገኘች። በዚያው ዓመት በቤልጂየሟ ኦስተንድ በአጭር ርቀት አገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈች፤ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬ እና ጌጤ የ10 ሺህ ሜትሩን ሦስት ሜዳሊያዎች ጠቅልለው ወሰዱ።

ወደ ማራቶን የገባችው በ1995 ዓ.ም ሲሆን በመጀመሪያ ውድድሯ በአምስተርዳም አሸነፈች። ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ ተመልሳ በመስከረም 1999 ዓ.ም በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አንደኛ ወጣች።

ከሁሉ በላይ የሚታወሰው የ2000 ዓ.ም መግቢያ ነው። የአምስት ታላላቅ ከተሞችን ማራቶኖች ያጣመረው አዲስ የነጥብ ውድድር ለአሸናፊዋ 500 ሺህ ዶላር ያስገኝ ነበር። ጌጤ መስከረም 19 ቀን በርሊንን ዳግም አሸንፋ ነጥቧን 65 አደረሰች፤ ላትቪያዊቷ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ ግን በ55 ነጥብ ትከተላት ነበር። የመጨረሻው ውድድር ኒው ዮርክ ነው። ተቀናቃኟ እዚያ ሁለተኛ ብትወጣ እንኳ 15 ነጥብ አግኝታ ትቀድማት ነበርና ጌጤ አርፋ መቀመጥ አልቻለችም። በማራቶን ሯጮች ዘንድ ባልተለመደ ሁኔታ በ35 ቀናት ልዩነት ሁለተኛውን 42 ኪሎ ሜትር ሮጠች። ራድክሊፍ ስታሸንፍ ጌጤ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ፣ ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ወጡ። የመጨረሻው ነጥብ 80 ለ65 ሆነ፤ የመጀመሪያው የማራቶን ታላላቆች የሴቶች አሸናፊነትም የጌጤ ሆነ።

ከጫጫ እስከ ላስታ ደጋ፣ እስከ ገነተ ማርያም ድረስ ሩጫን ለሚያልሙ ታዳጊዎች የጌጤ ታሪክ ትልቅ ምሳሌ ነው፤ ሁለተኛነትና ሦስተኛነት ሳያስቆማት በጽናት ቀጥላ ለታላቅ ድል በቅታለችና።