የማስረዳት ሸክም፦ የዴንቨር ታክሲ ነጂዎችና የአንድ አንቀጽ ታሪክ

ዴንቨር ከተማ ውስጥ ከ1947 እስከ 1995 ድረስ አንድም አዲስ የታክሲ ኩባንያ ሥራ አልጀመረም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚህ መሀል ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል፣ ከተማዋም ወደ ጎን ተለጥጣ አውሮራን ከመሰሉ ጎረቤቶቿ ጋር ገጥማለች። ታክሲው ግን እነዚያው ሦስት ድርጅቶች እጅ ላይ ነበር፦ የሎው ካብ፣ ሜትሮ ታክሲ እና ዞን ካብ።

አዲስ ኩባንያ መክፈት ክልክል ነው የሚል ሕግ ነበር እንዴ? አልነበረም። እንዲያውም ሕጉ በር ነበረው። የበሩ ቁልፍ ግን በጣም የሚገርም ቁልፍ ነበር።

የኮሎራዶ ግዛት ሕግ ታክሲን እንደ ባቡርና እንደ መብራት ኃይል የሕዝብ አገልግሎት አድርጎ ነበር የሚያየው። ስለዚህ ታክሲ ላሰማራ የሚል ሰው የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ፊት ቀርቦ «የሕዝብ ምቾትና አስፈላጊነት» የሚባል የምስክር ወረቀት ማግኘት ነበረበት። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ መኪናው ደህና መሆኑን፣ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ እንዳለው ማሳየት አይበቃም። አሁን ያሉት ኩባንያዎች የከተማውን ፍላጎት ማሟላት እንዳቃታቸው ማስረዳት አለበት። ያሉት ኩባንያዎችም ተቃዋሚ ሆነው የመግባት መብት አላቸው፤ ጠበቃ ይዘው ይመጡና «የለም፣ እኛ በደንብ እያገለገልን ነው» ይላሉ።

እስቲ ፒያሳ ላይ ጁስ ቤት ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። ወረዳው «መጀመሪያ ፒያሳ ውስጥ ጁስ የጠማው ሰው ጁስ እንዳጣ አስረዳ» ይላችኋል። ቀጥሎ የፒያሳን ጁስ ቤት ባለቤቶች በሙሉ ይጠራና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ምን እንደሚሉ መገመት አያቅታችሁም።

ይህ አሠራር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከባቡር ሐዲድ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ኩባንያ ጎን ለጎን ሁለት ሐዲድ ቢዘረጋ ገንዘብ ማባከን ነው፣ አንደኛውም ይከስራል። ስለዚህ መንግሥት «ሁለተኛው ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ምክንያት ነበረው። ኋላ ይኸው ጥያቄ ወደ አውቶቡስና ወደ ታክሲ ተዛመተ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ሥራ ያጣ ሁሉ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደነገጡ፤ ኒው ዮርክ በ1937 የታክሲዎቿን ቁጥር በሕግ ወሰነች። እዚህ ላይ ፍርሃቱን መናቅ አይገባም። ታክሲ ሲበዛ ለእያንዳንዱ ነጂ የሚደርሰው ገቢ ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው፣ ወደ ኋላም እንመለስበታለን። ግን ታክሲ ሐዲድ የለውም። የአንድ ሰው መኪናና የአንድ ሰው ጉልበት ነው።

በ1980ዎቹ ከአፍሪካ ቀንድና ከምዕራብ አፍሪካ ስደተኞች ወደ አሜሪካ መግባት ሲጀምሩ፣ ዴንቨርም ከደረሱባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በአገሩ አስተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ የነበረው ሰው እዚያ መሪ ጨበጠ። ታክሲ የሚነዳው ሰው ግን የታክሲው ጌታ አልነበረም። ከኩባንያው መኪናና ቀለም በሳምንት ይከራያል፤ ኪራዩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሰኞ ሲነሳ ዕዳ ይዞ ይነሳል፣ ለራሱ መሥራት የሚጀምረው ኪራዩን ከጨረሰ በኋላ ነው። ኩባንያው የሚያከራየው ነገር ደግሞ በዋናነት መኪናው አልነበረም፤ መኪና ማንም ይገዛል። የሚከራየው ያቺ ወረቀት ናት።

በ1992 አራት ነጂዎች ይህን ነገር ለመቁረጥ ተነሱ። አንዱ ሌሮይ ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሌሎቹ ከአፍሪካ የመጡ ነበሩ፣ ኢትዮጵያዊም ነበረባቸው። ክዊክ ፒክ ካብስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው፣ ሌሎቹ ታክሲዎች በደንብ የማይደርሱባቸውን ድሃ ሰፈሮች እናገለግላለን ብለው አመለከቱ። ኮሚሽኑ እንደ ልማዱ «አይሆንም» አለ። እነሱም በ1993 ኮሚሽኑን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። መዝገቡ «ጆንስ በቴመር» ይባላል። ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። ዳኞች በአሜሪካ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እንዲህ ዓይነት የንግድ ሕግ ላይ እጃቸውን ማስገባት አይወዱም፤ «ሕጉ ሞኝነት ቢመስልም ምክንያት ካለው የሕግ አውጪው ጉዳይ ነው» የሚል አቋም ይዘዋል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሕግ አውጪው ሄደ። ይህ ታሪክ ለእኔ የሚጥመኝም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ፍርድ ቤቱን ያስታውሳል እንጂ የኮሚቴውን ክፍል አያስታውስም።

የኮሎራዶ ምክር ቤት 100 አባላት አሉት፤ 65ቱ በታችኛው ቤት፣ 35ቱ በላይኛው። በዓመት የሚሰበሰበው ለ120 ቀን ብቻ ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት። በነዚህ ቀናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ረቂቅ ሕጎች ያልፉበታል። እያንዳንዱን ረቂቅ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው ስለማይችል እውነተኛው ሥራ የሚሠራው በቋሚ ኮሚቴዎች ነው። የንግድና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ የሚባለው ጋ ብትሄዱ ሰው የሚያወራው ስለ ታላላቅ ርዕዮተ ዓለሞች አይደለም። ስለ ፀጉር ሥራ ፈቃድ፣ ስለ መጠጥ ቤት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቧንቧ ሠራተኛ ፈተና ነው። አሰልቺ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ አለ።

ኮሎራዶ በዚህ ከብዙ ግዛቶች የምትለይበት ነገር አላት። በ1988 ሕዝቡ በድምፁ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሽሎ እያንዳንዱ ረቂቅ በኮሚቴ የግድ ተሰምቶ ድምፅ እንዲሰጥበት ደነገገ። ከዚያ በፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ ያልፈለገውን ረቂቅ መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ዝም ሊል ይችል ነበር። አሁን ረቂቁን መግደል የፈለገ በአደባባይ እጁን አውጥቶ ነው የሚገድለው። መግደያውም የራሱ ስም አለው፦ «ላልተወሰነ ጊዜ ይተላለፍ» ይባላል። ያልተወሰነው ጊዜ መቼም አይመጣም። ግድያን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ የሚጠራ ቤት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ደግሞ ማንም ሰው ሄዶ ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ችግሩ፣ ችሎቱ የሚውለው በሥራ ሰዓት ነው። ኩባንያው በደመወዝ የቀጠረው ወትዋች እዚያው ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ነጂው ለመመስከር ሲሄድ የዚያን ቀን ኪራይ ከኪሱ ይከፍላል።

እንዲያም ሆኖ በ1994 ምክር ቤቱ ሕጉን አላላው። እነጆንስ ስማቸውን ቀይረው ፍሪደም ካብስ ብለው በ1995 ሥራ ጀመሩ። ይግባኛቸውን ይዞ የነበረው ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት «ሕጉ ስለተለወጠ የምወስነው ነገር የለም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አዲሱ የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተውም በ1995 የካቲት መጨረሻ ነው፤ ከመሀል ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ለታክሲ ነጂ ወርቅ የሆነ ርቀት።

በሩ ግን ገርበብ ብሎ ቀረ። መቼም «አስፈላጊነትህን አስረዳ» የሚለው ነገር አልጠፋም ነበር። ስለዚህ ከፍሪደም ካብስ በኋላ ያሉት ነጂዎች ተመልሰው እዚያው ኪራይ ውስጥ ገቡ።

ወሳኙ ዓመት 2008 ይመስለኛል። ኮሎራዶ በ1976 በአሜሪካ የመጀመሪያውን «የፀሐይ ጥልቀት» ሕግ ያወጣች ግዛት ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የሚያልቅበት ቀን ይቆረጥለታል፤ ቀኑ ሲደርስ «አሁንም ታስፈልጋለህ ወይ?» ተብሎ ይመረመራል፤ ምክር ቤቱ ካላራዘመለት ይዘጋል። ምፀቱን ልብ በሉልኝ። ለስድሳ ዓመት ነጂዎችን «አስፈላጊነትህን አስረዳ» ሲል የኖረው ኮሚሽን ራሱ በ2008 እዚያው ጥያቄ ፊት ቀረበ። ኮሚሽኑን የሚያራዝመው ረቂቅ ውስጥም የታክሲ አንቀጽ ገባ።

አንቀጹ ምን አደረገ? የማስረዳት ሸክሙን ገለበጠው። ዴንቨርን በመሰሉ ትልልቅ አካባቢዎች አመልካቹ ብቁ መሆኑን፣ ማለትም አቅሙንና ሥራውን የማካሄድ ችሎታውን ካሳየ ሕዝቡ እንደሚፈልገው ይገመታል። «አያስፈልግም» የሚል ካለ አያስፈልግም ባዩ ያስረዳ። ሕግ የተማሩ አንባቢዎች ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቁታል። ማስረጃው ያው፣ ዳኛው ያው፣ ከተማዋም ያቺው ናት፤ የተለወጠው ዝም ቢባል ማን ይሸነፋል የሚለው ብቻ ነው። በድሮው ሕግ ማስረጃው ካልጠራ ነጂው ይሸነፋል። በአዲሱ ኩባንያው ይሸነፋል።

ወዲያው ውጤት ታየ። በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈቃድ አገኘ። ከ200 በላይ አባላት ነበሩት፤ ብዙዎቹ አፍሪካውያን፣ ከነሱም ውስጥ የእኛ ሰዎች። መኪናው የነጂው ነው፣ ማኅበሩም የነጂዎቹ ነው፤ ለማኅበሩ የሚከፈለው መዋጮ ከድሮው ኪራይ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዩኒየን ጋር በአንድ ሰሞን ያመለከተ ሌላም ነበር፤ ማይል ሃይ ካብ። እሱም መሥራቾቹ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ለሱ ግን ኮሚሽኑ እምቢ አለ፤ ገበያው ሞልቷል በሚል። ማኅበሩ ይግባኝ አለ። ጉዳዩ ተንከባሎ ተንከባሎ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2013 ኮሚሽኑ አዲሱን ሕግ እንደተጻፈው አልሠራበትም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። በወረቀት ላይ ሸክሙ ከተገለበጠ አምስት ዓመት አልፎታል፤ በኮሚሽኑ ጭንቅላት ውስጥ ግን ገና አልተገለበጠም ነበር ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሰዎቹ ሕጉን ማስለወጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ የተለወጠውን ሕግ ለማስከበር ደግሞ አምስት ዓመት ሌላ ሰው መኪና ላይ ኪራይ እየከፈሉ ጠበቡ።

አሁን ቀኑን አስተውሉ። 2013። ኡበር ዴንቨር የገባው በ2012 ነው፤ ሊፍት በ2013 ተከተለ።

ኡበርና ሊፍት ኮሚሽኑ ፊት ቆመው አስፈላጊነታቸውን አላስረዱም። መጀመሪያ ሥራ ጀመሩ፣ ከዚያ ምክር ቤት ሄዱ። በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ ገዢው ጆን ሂከንሉፐር የፈረመው ሕግ ኮሎራዶን እነዚህን ኩባንያዎች በሕግ አውጪ ምክር ቤት የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት አደረጋት። የኩባንያው ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ 111,250 ዶላር ሆነ። የመኪና ቁጥር ገደብ የለም፣ የታሪፍ ቁጥጥር የለም፣ «የሕዝብ ምቾትና አስፈላጊነት» የለም። ታክሲዎቹ ሃምሳ ዓመት የተጋደሉበትን በር አንድ የሕግ ዘመን ጠቅልሎ ሰጣቸው።

ይህን ያደረጉት ሕግ አውጪዎች ክፉዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ተሳፋሪው አፑን ወዶታል፤ መራጭ ነው። ልዩነቱ፣ ኡበር ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ስልካቸው ላይ የጫኑት ሰዎች ከኋላው ነበሩ። በ1992 የአራቱ ነጂዎች ደንበኞች ገና የሉም ነበር፤ ፈቃድ ያልተሰጠው ኩባንያ ደንበኛ ከየት ያምጣ?

በ2015 ምክር ቤቱ ለታክሲም በሩን ከፈተ፤ አዲስ ኩባንያ የገበያ ፍላጎት መኖሩ እንዲጣራበት የሚያደርገው ነገር ቀረ። ያኔ ግሪን ታክሲ የሚባል ሌላ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተነሳ። የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 7777 አገዘው፤ ወደ 800 የሚጠጉ፣ ከ37 አገር የመጡ ነጂዎች ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ ለድርሻው 2,000 ዶላር አዋጣ። በ2016 ሥራ ሲጀምር በአንድ ጊዜ ከከተማዋ ትልልቅ የታክሲ ኩባንያዎች ተርታ ገባ።

ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልኩት ፍርሃትም ያኔ እውነት ሆነ፤ መኪና ሲበዛ የነጂው ገቢ ቀነሰ። ገቢውን የቀነሱት ግን ኮሚሽኑ ዓመታት ሲቆጥርባቸው የኖረው የዩኒየንና የማይል ሃይ መኪናዎች አልነበሩም። ማንም ያልቆጠራቸው የአፕ መኪናዎች ናቸው። 800 ሰው 2,000 ዶላር ሲያዋጣ 1.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ በኡበር የዓመት ክፍያ ብናካፍለው ከ14 ዓመት ፈቃድ በላይ ነው። ነጂዎቹ ይህን ገንዘብ ከፍለው ያገኙት፣ አባቶቻቸው ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች በ1992 የጠየቁትን ያንኑ ወረቀት ነው፤ የታክሲ ባለቤት የመሆን ፈቃድ።