ቻርጋ-ፕሌት፤ የዲፓርትመንት ስቶር የዱቤ ሰሌዳ
ብረት፤ ከጀርባው የወረቀት ካርድ
6.4 × 3.2 ሳ.ሜ. ገደማ
ዩናይትድ ስቴትስ፣ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ.)

ጎላ ብለው የተቀረጹት ፊደላት የደንበኛው ስምና አድራሻ ናቸው፤ ፊርማው ከጀርባ ነው። ሻጯ ሰሌዳውን ከማተሚያው ላይ አስቀምጣ፣ በቀለም ጥብጣብ በኩል ደረሰኙን ስትጫነው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ገንዘብ አይቆጠርም፤ ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ይላካል። ጠርዙ ላይ ቆረጥ ቆረጥ ያለውን ይመልከቱ፦ በአንዳንድ ከተሞች አንድ ሰሌዳ ለብዙ መደብሮች ያገለግል ስለነበር፣ የትኞቹ እንደሚቀበሉት የሚለየው በዚህ ነበር።

ዱቤው ደንበኛን ከከተማው መደብር ጋር አስሮ ያኖር ነበር። በ1958 የጀመረው ባንክአሜሪካርድ የተባለው የባንክ ዱቤ ካርድና ተከታዮቹ ግን በብዙ ቦታ መግዛት አስቻሉ። ደንበኛውም ወደ ከተማ ዳር እየወጣ ነበር። የዲትሮይቱ ዲፓርትመንት ስቶር ሀድሰንስ (የተመሠረተው በ1881) ራሱ በ1954 ከከተማዋ ወሰን ውጭ ኖርዝላንድ የተባለውን የገበያ ማዕከል ከፈተ፤ ገበያተኛውን ከመሀል ከተማ ካራቁት አንዱ ይኸው ነው። የመሀል ከተማው መደብር በ1983 ተዘጋ፤ ሕንፃው በ1998 በፈንጂ ፈረሰ። በቀሩት ቅርንጫፎች ላይ የነበረው የሀድሰንስ ስም በ2001 በማርሻል ፊልድስ፣ እሱም በ2006 በሜሲስ ተተካ።