ምሉአ አኃዝ ቁጥሮችና የግእዝ ቁጥር፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሒሳብ ትምህርት አንጻር

በ1969 ዓ.ም. የተቀረጹት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች የተሠሩበትን ዘመን የሚያመለክቱት ፲፱፻፷፱ በሚል የግእዝ ቁጥር ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመተሐራና በሻሸመኔ ገበያዎች እነዚህ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረዋል፤ ሆኖም ዋጋቸውን የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ዘመናቸውን ያነብባል ማለት አይደለም። ተማሪው በደብተሩ 1969 ብሎ የሚጽፈው በአራት አኃዝ ሲሆን፣ በሳንቲሙ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን አምስት ናቸው፤ በተራ ሲነበቡም ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስድሳ፣ ዘጠኝ ይላሉ። አንድ ቁጥር በሁለት ሥርዓት ሲጻፍ የምልክቶቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን አሠራራቸውም የሚለያይ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ የትምህርት መርጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ልዩነት አጉልተው ከሚያሳዩት የቁጥር ዓይነቶች አንዱ ምሉአ አኃዝ ሊባል የሚችለው ነው፤ ይኸውም የተጻፈበት ሥርዓት ያሉትን አኃዞች በሙሉ ሳያስቀር የያዘ ቁጥር ማለት ነው። በተለመደው ባለ ዐሥር መሠረት አጻጻፍ ከእነዚህ ትንሹ 1,023,456,789 ነው። ዜሮ መጀመሪያ ላይ ሊቆም ስለማይችል አንድ ይቀድማል፤ ዜሮም ወዲያው ይከተለዋል። ዐሥሩን አኃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በመጠቀም የሚጻፉት ባለ ዐሥር አኃዝ ቁጥሮች 3,265,920 ሲሆኑ፣ የአኃዞቻቸው ድምር ምን ጊዜም 45 ስለሆነ ሁሉም ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ካሬ ቁጥሮች ናቸው፤ ለምሳሌ 32,043 በራሱ ሲባዛ 1,026,753,849 ይሆናል። መሠረቱ ሲለወጥ ትንሹም ቁጥር ይለወጣል። በአምስት መሠረት 10234 ተብሎ የሚጻፈው በተለመደው አጻጻፍ 694 ነው፤ በስምንት መሠረት 10234567 ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ 2,177,399 ነው።

በታሪክ ሲታይ ግን «አኃዞች ሁሉ» የሚለው አነጋገር ዜሮን ሁልጊዜ አያካትትም ነበር። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የዜሮን የስሌት ደንቦች ጽፎ ትቷል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1150፣ ባስካራ «ሊላቫቲ» በተባለው መጽሐፉ ከ2 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች በማፈራረቅ ስንት ቁጥር እንደሚጻፍና ድምራቸው ስንት እንደሚሆን ጠየቀ። ቁጥሮቹ 40,320 ናቸው፤ ዜሮ ግን በጥያቄው ውስጥ የለበትም። የፒዛው ሌኦናርዶ እ.ኤ.አ. በ1202 የህንድን አኃዞች ለአውሮፓ ነጋዴዎች ሲያስተዋውቅ ዘጠኝ አኃዞች መኖራቸውን ከገለጸ በኋላ ዜሮን እንደ ተጨማሪ ምልክት ለይቶ አቀረበው። የእንግሊዙ የእንቆቅልሽ ጸሐፊ ሄንሪ ዱድኒም እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከእርሱ በፊት የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካ የደከመበትን ጥያቄ እንደገና ሲያነሣ፣ መቶን በዘጠኙ አኃዞች ብቻ በድብልቅ ክፍልፋይ መጻፍ ይቻላል ወይ ብሎ ነበር። ከመልሶቹ አንዱ 3 እና 69258/714 ነው፤ ክፍልፋዩ 97 ስለሚሆን ድምሩ መቶ ይመጣል። ዜሮ አኃዝ ነውን ወይስ የባዶ ቦታ ጠባቂ? ጥያቄው ለሊቃውንት እንኳ ቶሎ ያልተቋጨ ከሆነ፣ በሁለተኛ ክፍል ተቀምጦ 305ን 3005 ብሎ የሚጽፈውን ሕፃን መውቀስ አይገባም።

የግእዝ ቁጥር ይህን ችግር በሌላ መንገድ አልፎታል። ምልክቶቹ ከግሪክ የፊደል ቁጥር የመነጩ ሲሆኑ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ውስጥም ይገኛሉ። ግሪኮች ለአንዶች ዘጠኝ፣ ለዐሥሮች ዘጠኝ፣ ለመቶዎችም ዘጠኝ፣ በድምሩ 27 ምልክቶች ነበሯቸው። የግእዙ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ስምንት ተቀብሎ፣ ከመቶዎቹ አንዱን ብቻ አስቀረ፤ ለሁለት መቶና ለሦስት መቶ የተለየ ምልክት አላስፈለገውም። በምትኩ አባዢውን ከፊት አስቀድሞ ፪፻፣ ፫፻ እያለ ይጽፋል። ሁለት ፻ በማያያዝ የተሠራው ፼ ሲጨመር ምልክቶቹ ሃያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ለኮምፒዩተር የተመዘገቡትም እነዚሁ ሃያዎቹ ናቸው፤ ዜሮ በመካከላቸው የለም።

ይህ ማለት ግን የአገራችን ሊቃውንት የባዶን አሳብ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ተካፍሎ ቀሪ ሲጠፋ «አልቦ» ይባላል። አልቦ ግን የስሌት ውጤት የሚነገርበት ቃል እንጂ በቁጥር መካከል ገብቶ ቦታ የሚይዝ ምልክት አልነበረም። ሊያስፈልግም አይችልም ነበር፤ ፴ ራሱ ሠላሳ ነውና በስተቀኙ የሚጠብቀው ባዶ ቦታ የለም። 2002 ሁለት ዜሮ ሲያስፈልገው ፳፻፪ በሦስት ምልክት ያልቃል።

እንግዲህ በግእዝ ቁጥር ምሉአ አኃዝ የሚሆነው የትኛው ነው? የአጻጻፉ ደንብ እንደሚከተለው ነው። ቁጥሩ ከቀኝ ወደ ግራ ጥንድ ጥንድ እየተደረገ ይከፈላል። በስተቀኝ ጫፍ ያለው ጥንድ ምንም አያስከትልም፤ በስተግራው ያለው ፻ን፣ ቀጥሎ ያለው ፼ን፣ ከዚያም እንደገና ፻ን እያስከተለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥንድ ቢበዛ አንድ የዐሥር ምልክትና አንድ የአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ ዐሥራ ስምንቱን ለማስገባት ቢያንስ ዘጠኝ ጥንድ ያስፈልጋል። ትንሹም ይህ ነው፦

፲፩፼፳፪፻፴፫፼፵፬፻፶፭፼፷፮፻፸፯፼፹፰፻፺፱

በተለመደው አጻጻፍ 112,233,445,566,778,899 ይሆናል። ለማስረጃ የተቀናበረ እንጂ ከብራና የተቀዳ ቁጥር አይደለም፤ ደንቡ ግን የጥንቱ ነው። ዐሥራ ስምንቱን ምልክቶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በመጠቀም በዘጠኝ ጥንድ የሚጻፉት ቁጥሮች 131,681,894,400 ናቸው። ከእነርሱ የትኛውም ቢወሰድ ለ99 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ምክንያቱም ዐሥሮቹ ከ10 እስከ 90 ሲደመሩ 450፣ አንዶቹ ከ1 እስከ 9 ሲደመሩ 45 ስለሆኑ የጥንዶቹ ድምር ሁልጊዜ 495 ነው፤ ይህም የ99 አምስት እጥፍ ነው። 100 ለ99 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው፣ ማንኛውም ቁጥር ለ99 ሲካፈል የሚተርፈው ጥንዶቹ ተደምረው ሲካፈሉ የሚተርፈው ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዐሥር መሠረት የተጻፉት ምሉአ አኃዞች ለዘጠኝ እንደሚካፈሉ፣ የግእዞቹ ለዘጠና ዘጠኝ መካፈላቸው ሥርዓቱ በውስጡ ባለ መቶ መሠረት መሆኑን ያጋልጣል። የግእዝ ቁጥር «ቦታ የለሽ» እየተባለ በጅምላ ሲነገርለት የቆየው በጥንቃቄ ስላልታየ ነው። ቦታ አለው፤ ቦታውን የሚያስታውቀው ግን በባዶ ምልክት ሳይሆን ፻ንና ፼ን እንደ ወሰን ድንጋይ በመትከል ነው።

የዐሥር መሠረቱ አጻጻፍ ወደ ስምጥ ሸለቆው የገባው ከዘመናዊው ኑሮ ጋር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ደረሰ። ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ንባብንና ጽሕፈትን ከሒሳብ ጋር ለገበሬውና ለሠራተኛው አዳረሰ፤ አፋን ኦሮሞም በዚያን ጊዜ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲተካ የፊደሉ ገበታ ተለወጠ፤ አኃዞቹ ግን በሁለቱም ቋንቋዎች እነዚያው ከ0 እስከ 9 ያሉት ሆነው ቀጠሉ።

አኃዙ አንድ ቢሆንም ንግግሩ አንድ አይደለም፤ በአዳማ መምህሩን የሚገጥመው ችግርም ከዚህ ይመነጫል። በአማርኛ «ሦስት መቶ አምስት» ሲባል አባዢው ይቀድማል፤ ፫፻፭ም የተጻፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በአፋን ኦሮሞ ግን «ዺባ ሰዲ ፊ ሸን» ይባላል፤ መቶው ቀድሞ ሦስቱ ይከተላል። በአማርኛ የሰማውን እንደሰማው የሚጽፍ ልጅ 300ንና 5ን አጋጥሞ 3005 ሊል ይችላል። በአፋን ኦሮሞ የሰማው ደግሞ መጀመሪያ የደረሰው መቶው ስለሆነ ስሕተቱ መልኩን ሊለውጥ ይችላል። በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለቱ ቋንቋዎች የሚያስተምሩ መምህራን አንድ ዓይነት የማረሚያ ዘዴ ቢሰጣቸው ለአንደኛው ወገን መጥበቡ አይቀርም። ለሁለቱም የጋራ የሆነው ነገር በየትኛውም ቋንቋ ንግግር ውስጥ ዜሮ አለመሰማቱ ነው፤ ባዶው የዐሥር ቤት የሚታየው በጽሕፈት ብቻ ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ተገቢ ይሆናል። የገዳ ሥርዓት በስምንት ዓመት ስለሚዞርና አምስት ወገኖች በአርባ ዓመት ስለሚፈራረቁበት «ባለ ስምንት መሠረት ቁጥር ነው» ማለት አይገባም። የዘመን መቁጠሪያ ዑደትና የአኃዝ መሠረት የተለያዩ ናቸው፤ የአፋን ኦሮሞ የቁጥር ስሞች ኩዸን፣ ዺባ፣ ኩማ እያሉ የሚሄዱት በዐሥር ነው።

የግእዝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ገበታ ግርጌ ተደርድሮ በቃል የሚጠና ነው፤ ተገቢ ቦታው ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጭምር ነው። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሃያዎቹ ምልክቶች በካርቶን ተቆርጠው ለተማሪዎች ይታደላሉ፤ ሁሉንም ተጠቅመው አንድ ቁጥር እንዲሠሩም ይታዘዛሉ። ተማሪዎቹ ሦስት ጥንድ ከደረደሩ በኋላ ይቆማሉ፤ ፻ም ፼ም አልቀውባቸዋልና። ዐሥራ ሁለት ካርዶች በእጃቸው ቀርተው ሳለ ምን እንደጎደላቸው ይጠየቃሉ። ሦስት ፻ና ሦስት ፼ ሲጨመርላቸው ካርዶቹ ሃያ ስድስት ይሆናሉ፤ ቁጥሩም ይሞላል። ከዚያ በኋላ ከዘጠኙ ጥንዶች የአንደኛው የዐሥር ካርድ ተነሥቶ፣ የቀረው ቁጥር በግእዝም በተለመደው አጻጻፍም በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፋል። በአንደኛው መስመር ምልክቱ ጠፍቶ ሌሎቹ ይጠጋጋሉ፤ በሁለተኛው መስመር በጠፋው ቦታ ዜሮ ይገባል።