በላ ልበልሃ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ዛሬው መጽሔታችን

ከግንደወይን ተነሥተን ዩኒቨርሲቲ የረገጥን ሁሉ ይህችን ታሪክ እናስታውስ።

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ልሳን «ስትራግል» የዋለልኝ መኰንንን የብሔረሰቦች ጽሑፍ አወጣ። ብዙ ያከራከረ ሐሳብ ነበር፤ ግን ታተመ። ታኅሣሥ 19 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ።

ዓመታት አለፉና ያው ትውልድ ለሁለት ተከፈለ። ኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ»ን፣ መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን ያዘ። አንዱ ሌላውን «ባንዳ»፣ ሌላውም «አናርኪስት» አለው። የአንዱ መልስ በሌላው ገጽ ቦታ አልነበረውም። ከቃሉ በኋላ የመጣውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የሁለቱም ወገን ቤተሰብ እስከ ዛሬ በየቤቱ ያለቅሳል።

የአገራችን የጥንት ሙግት እኮ እንዲህ አልነበረም። ከሳሽም ተከሳሽም «በላ ልበልሃ» ተባብሎ፣ ዳኛው ሁለቱንም ሰምቶ ነበር የሚፈርደው።

ስለዚህ ለመጽሔታችን አዘጋጆች አንድ አደራ አለኝ። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ጽሑፍ አያስወጣ፣ አያስቀር። ስሙ የተነሣ ሰው እዚያው ገጽ ላይ ይመልስ። ደግሞም የሞቱትን ስንዘክር የአንድ ወገን ብቻ አንዘክር፤ ሁሉም የኛው ልጆች ናቸው።